በበረዶ ያመጣሁት ደም

ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ ባየችኝ ቁጥር "ደግሞ ወዴት ነው? ማን ቀጠረህ?" እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው፤ የሚጠብቀኝ የለም። እጄ ግን ሥራ መፍታቱን እስካሁን አልተቀበለም። ሻይ ሲቀርብልኝ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቼ አተላ እንዳለውና እንደሌለው ካላየሁ አልጠጣም። የልጅ ልጆቼም ይህንኑ ቀድተውብኛል። ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ እኛ ቤት እንግዳ ቢመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቶ ሲመረምር ያገኘዋል።

ይህን የምጽፈው ግን እጄን ሥራ ለማስያዝ ብቻ አይደለም። በሽኝቴ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተነስቶ "ጋሽ ወርቁ ማለት ስህተት የማያውቅ እጅ ነው" ሲል ተናገረ። አንገቴን ደፋሁ። ሰዉ ትሕትና መስሎት አጨበጨበ። እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው አባ ሚልኪን ነበር፤ አጋሮ አጠገብ የሚኖሩ የቡና ገበሬ ናቸው። አምነው የሰጡኝን ደም ያበላሸሁባቸው እኔ ነኝ። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም።

የመጀመሪያ ምድቤ እዚያው አጋሮ ነበር። የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። የዚያች ክፍል እመቤት እትዬ ሙሉነሽ ነበሩ። ከሸዋ ከባላቸው ጋር መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ አገሬው አልለቅም ብሏቸው እዚያው የቀሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ግን ረጅም የሆነ ሴት ናቸው። ስላይድ ከማየታቸው በፊት መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉና የበሽተኛውን ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ። "ወይዘሮ ፋጡማ፣ እስቲ እንይዎት" ብለው ነው ዓይናቸውን ወደ ማይክሮስኮፑ የሚያወርዱት።

መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ምን ያስገለፍጥሃል?" አሉኝ። "እኔ የማየው ቁጥር አይደለም፤ ሴትዮዋን ነው።"

ውጤት ስንጽፍ "የለም" የሚለውን ቃል ከልክለውኝ ነበር። የወባ ተሐዋሲ ካላገኘሁ "አልታየም" ብዬ እንድጽፍ ነው የሚፈልጉት። "የለም ማለት ያንተ ሥልጣን አይደለም፤ ያንተ ዓይን ማየት አለማየቱን ብቻ ጻፍ" ይሉኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሳምንቱን ስላይዶች አውጥተው እንደ አዲስ ያያሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ የሚከፍላቸውም አልነበረም።

አንድ ዓርብ እንዲህ ሲያዩ አንዱ ስላይድ ላይ ቆዩ፤ ከዚያ ተነስተው ጃንጥላቸውን አነሱ። ሰኞ ዕለት "አልታየም" ብለው የሰደዱት ልጅ ደም ውስጥ ሁለት ሦስት ተሐዋሲ አግኝተው ነበር። መድኃኒቱን ይዘን በዝናብ ወደ ልጁ ቤት ሄድን። እናትየው በር ላይ እንደቆመች፣ ጎረቤት እየሰማ፣ አፏ ያመጣላትን ሁሉ ወረደችባቸው። እትዬ ሙሉነሽ አንድም ቃል ሳይመልሱ ቆመው ሰሙና መድኃኒቱን አስረክበው፣ አወሳሰዱን ነግረው ወጡ።

ስንመለስ "ያን ሁሉ ስድብ ለምን ቆመው ሰሙ?" አልኳቸው።

"የእሷ ድርሻ ነዋ" አሉ። "ሳትሰጠኝ ልሂድ?"

ልጁ ዳነ። አሁን አጋሮ ውስጥ ጎሚስታ ነው፤ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል።

ከአጋሮ ወደ ሊሙ ገነት ተዛወርኩ። እዚያ ላቦራቶሪውም ክትባቱም በእኔ ላይ ወደቀ፤ የሰው እጥረት ሲኖር እንደዚህ ነው። ክትባቱን የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ በላምባ የሚሠራ ነበር። ክሩን በየቀኑ መቁረጥ፣ ነበልባሉን ሰማያዊ ማድረግ፣ ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ አይቶ መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ሰንበት ለለቅሶ ሄጄ ስመለስ ክሩ ጨሶ ጠፍቶ አገኘሁት። ክትባቱ በሙሉ ሞቆ ነበር። በማግሥቱ ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ የመጡ እናቶችን ባዶ እጃቸውን ስመልስ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዝቃዜ ለእኔ እንደ ሃይማኖት ሆነ። በረዶ የሌለበት ሳጥን ሳይ ሰውነቴ ይሳቀቃል። ይህ ነገር በኋላ ጉድ እንደሚሠራኝ የነገረኝ አልነበረም።

ቀጥሎ ጅማ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ስለዚያ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም፤ ፊርማ የሚወድ አለቃ፣ የማያልቅ ወረፋ፣ ከወር ወር የማያደርስ ደመወዝ። ልጆቼን ግን አሳድጌበታለሁና አላማውም።

ጡረታዬ አምስት ዓመት ሲቀረው በከተማው ዳር በኪቶ ፉርዲሳ በኩል ለተከፈተ ትንሽ የምርምር ላቦራቶሪ ልምድ ያለው ሰው ተፈለገና ሄድኩ። ሀዊን ያገኘኋት እዚያ ነው። የሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ የጅማ ልጅ ናት፤ ስትቸኩል ሦስት ቋንቋ ትደባልቃለች፣ ስትናደድ ደግሞ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ትጠቀልላለች። የምታጠናው የሥጋ ደዌን ነበር። መጀመሪያ ቀን ስትነግረኝ "ይህ በሽታ አልጠፋም እንዴ?" አልኳት።

"አልጠፋም ጋሼ፤ የሚናገረው ሰው ነው የጠፋው" አለችኝ።

ሥራዋን ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው። "ሰውነታችን ውስጥ የሚዋጉ ሴሎች አሉ። ውጊያው ልክ እንዳያልፍ ደግሞ 'በቃ፣ ተዉ' የሚሉ ሌሎች አሉ። ጃርሳ ይበሏቸው።" ጃርሳ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ተጣልቶ ያልታረቀ ካለ ጃርሳ ይላክበታል። "ጃርሳዎቹ ባይኖሩ ሰውነት ራሱን ይበላል። በዚህ በሽታ ግን ይበዛሉ። ሌባው ገና ጓዳ ውስጥ እያለ፣ ሊይዘው የመጣውን ጎረቤት 'በሉ ተዉ፣ ግቡ' ይላሉ።"

እነዚህን ሴሎች ጃርሳ የሚያደርጋቸው አንድ ጂን ነው። ጂኑ ትእዛዙን በደብዳቤ ገልብጦ ይልካል፤ ደብዳቤው ሲነበብ ፕሮቲኑ ይሠራል። ሀዊ ከባሕር ማዶ የምታስመጣው ኦሊጎ የምንለው አጭር ክር ነበር፤ ፊደሎቹ ከዚያ ደብዳቤ ፊደሎች ጋር እንዲገጥሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሄዶ ይለጠፍበታል፤ የተለጠፈበት ደብዳቤ ሳይነበብ ይቆራረጣል። ጂኑ አይነካም፤ መንገድ ላይ የሚቀረው ደብዳቤው ብቻ ነው። ጃርሳዎቹ ለጥቂት ቀናት ዝም ቢሉ ተዋጊዎቹ ይነሱ ይሆን? ጥያቄዋ ይህ ነበር። ይህም ሰው ላይ ሳይሆን የላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚሞከር ነው። በሽተኛውን የሚያድነው ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠው ኪኒን ነው፤ የሀዊ ጥናት ምናልባት ለነገ፣ ኪኒኑ ለሚያንሰው ሰው ነው።

ሳህኑ ላይ ሦስት ረድፍ እናዘጋጃለን። አንዱ ክር የሌለበት፣ አንዱ ፊደሎቹ የተዘበራረቁበት ክር ያለበት፣ አንዱ ትክክለኛው ክር ያለበት። የተዘበራረቀው ምንም መሥራት የለበትም፤ ከሠራ ራሳችንን እያታለልን ነው ማለት ነው። እኔ የማውቀው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ነበር። ደሙን ሴሎቹን በሚለየው ከባድ ፈሳሽ ላይ በቱቦው ግድግዳ አስታክኮ፣ እንዳይደባለቅ፣ ቀስ አድርጎ ማንጠፍ። ማሽኑ ካሽከረከረው በኋላ ነጮቹ ሴሎች መሐል ላይ እንደ ስስ ጉም ይቀመጣሉ፤ ያንን ጉም በቀጭን ቱቦ መሳብ። የሀዊ እጅ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው" አልኳት። "ደግሞ ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ትንፋሽ የያዘ ሰው ሲለቅ ይደነብራል።"

በወሩ ከእኔ የተሻለች ሆነች። ያን ቀን ኬክ ገዝታ አመጣች፤ እኔም በልቤ እትዬ ሙሉነሽ ይህችን ልጅ ቢያዩ እያልኩ በላሁ።

ችግሩ ደሙ ነበር። ጥናቱ የሚፈልገው የመጀመሪያዋን ኪኒን ገና ያልዋጠ በሽተኛ ደም ነው። መድኃኒት ከተጀመረ ደሙ ሌላ ነው። ለደም ብለን ደግሞ የማንንም ሕክምና አንድ ቀን አናዘገይም። ስለዚህ አዲስ በሽተኛ ሲገኝ ጤና ጣቢያው ይደውልልናል፤ እኔ ባለው መኪና እበርራለሁ፤ ሰውየው ከፈቀደ ደሙን እቀዳለሁ፤ እዚያው ኪኒኑን ይውጣል። ሁለተኛ ዕድል የለም።

የመጀመሪያው አባ ሚልኪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ ጺማቸውን ያቀሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው። ቡና ሲለቅሙ እሾህ ሲወጋቸው አይሰማቸውም ነበር፤ ያወቁትም ደም ሲያዩ ነው። ሀዊ በኦሮምኛ ጥናቱን ስታስረዳቸው አዳምጠው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሐኪም፣ እንግዲህ ሆዴ ውስጥ ጃርሳ በዝቷል ማለት ነው?"

"እንደዚያ ነው አባ።"

"ወላሂ እኔም እጠረጥር ነበር። ቤቴ ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ ሁሉም 'ተው አባ ሚልኪ' ይለኛል።" ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። "ውሰድ። ለእኔ ባይጠቅም ለሌላ ይጠቅማል፣ ኢንሻአላህ። አንድ ነገር ብቻ፤ ደሜ ምን እንዳለ መጥተህ ንገረኝ።"

"እነግርዎታለሁ" አልኳቸው።

ሀዊ ቀድማ ወደ ጅማ ስትመለስ "ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ በረዶ እንዳይነካው። በክፍል ሙቀት ብቻ" ብላኝ ነበር። መመሪያው ላይም ተጽፏል። ቀኑ ግን የበጋ ፀሐይ የሚያቃጥልበት ነበር፤ መኪናው ውስጥ እጅ የማያስገባ ሙቀት። ቱቦዎቹን ሳያቸው ሊሙ ገነት ትዝ አለኝ። ይህች ልጅ መጽሐፍ ታውቃለች፣ መንገዱን ግን የማውቀው እኔ ነኝ አልኩ። ከክትባት ክፍሉ ሁለት የበረዶ ጥቅል ለምኜ ደሙን መሐላቸው አስተኛሁት። ጅማ መግቢያ ስደርስ በረዶውን አወጣሁ፣ ሳጥኑን በመሐረቤ አደረቅሁ፣ ፎርሙ ላይ "አጓጓዝ፦ እንደ መመሪያው" ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ሳጥን የሚያደርቅ ሰው ግን ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔም ከሊሙ ገነት አንድ፣ ከአጋሮ ሌላ አንድ ሰው ደም እንደዚሁ በበረዶ አመጣሁ።

የሦስቱም ደም ዝም አለ። የሞተ ሴል ሰማያዊ ቀለም ይጠጣል፤ ከሦስቱም ሰዎች ሴሎች ብዙዎቹ ሰማያዊ ሆኑ። የተረፉትም ቢቀሰቅሷቸው፣ ትክክለኛው ክር ቢሰጣቸው አልተነሱም። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከጤነኛ ሰው የቀዳነው ደም ግን በደንብ ይሠራ ነበር። ሀዊ ሳምንታት አስባ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰች፤ የበሽተኞቹ ተዋጊ ሴሎች ደክመዋል፣ ጃርሳዎቹ ዝም ቢሉም የሚነሳ የለም። ባሕር ማዶ ያሉት አማካሪዋም "እንግዲያው ይህንኑ ጽፈሽ ዝጊው" አሏት። የሦስት ዓመት ልፋቷ "ለበሽተኞች አይረባም" በሚል ቃል ሊዘጋ ሆነ። ልጅቷ ከስታ ነበር። እኔ ምሳዬን እያካፈልኩ አጽናናት ነበር። ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

ከዚያ አራተኛው መጣ። የጅማ ሰው ነው፤ ሐኪሙ የላከለትን ወረቀት ይዞ በእግሩ መጥቶ በራችንን አንኳኳ። ደሙን እዚያው ቀዳሁት፣ እዚያው ሠራነው። በስድስተኛው ቀን ሀዊ ጠራችኝ። ትክክለኛው ክር ባለበት ረድፍ ሴሎቹ ተባዝተው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ነበር። የተዘበራረቀው ረድፍ ጸጥ ብሏል።

"ይኼኛው ለብቻው የወጣ ነው" አለች፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ እየጠቀለለች። "ከሦስቱ ምን ለየው ጋሼ?"

ምን እንደለየው አውቄያለሁ፤ የእሱን ደም በረዶ አልነካውም። "እንጃ" አልኳት።

ያችን "እንጃ" አሥራ ሁለት ቀን ተሸከምኳት። ጡረታዬ ሦስት ወር ቀርቶታል። ዝም ብል የሚያውቅ የለም፤ ሀዊም ወረቀቷን ጽፋ ትመረቃለች፤ ክሩ ግን የማይሠራ ተብሎ ይቀራል። እህል አልበላ ሲለኝ ጥሩወርቅ "ምንህን ነው ያመመህ?" ስትል ነገርኳት። ሰማችኝና "ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ለልጅቷ አትነግራትም?" አለችኝ።

በማግሥቱ ሀዊ ላቦራቶሪ እንደገባች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነገርኳት። በረዶውንም፣ ሳጥኑን ማድረቄንም፣ ፎርሙንም።

"ሦስቱንም?" አለች።

"ሦስቱንም።"

"ነግሬዎት ነበር እኮ!"

"ነግረሽኝ ነበር። እኔ ነኝ የተሻለ የማውቅ የመሰለኝ።"

"ሦስት ሰው ጋሼ! ሦስት ሰው ክንዱን ዘርግቶ!" ድምጿ ተሰበረና ወጣች። ያን ቀን አልተመለሰችም። እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሠራተኛ እንደ ሕጻን።

በሁለተኛው ቀን ሦስቱን ፎርሞች ይዛ መጥታ ፊቴ አስቀመጠቻቸው። "በእጅዎ ያርሙት። አይፋቁት፤ ሰርዘው፣ እውነቱን ጽፈው፣ ይፈርሙ።" አደረግሁ። ስጨርስ አጠገቤ ቁጭ አለች። "ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ውሸት ጽፌ ዶክተር እባል ነበር" አለች። ቀጥላም በትንሹ "በጣም ተናድጄብዎታለሁ፤ ገና አልበረደልኝም" አለች። ይህን ስላለችኝ ይበልጥ ወደድኳት።

አማካሪዋ ጥቂት ወራት ጨመሩላት። እኔ ግን ለደሙ ባለቤቶችም መናገር አለብኝ አልኩ።

"ምን ያደርግላቸዋል? መድኃኒታቸውን ጀምረዋል፤ አልተጎዱም" አለች።

"ድርሻቸው ነው" አልኳት።

የሊሙ ገነቱ ሰውዬ ሳቀብኝ። የአጋሮዋ ሴትዮ መድኃኒቷን ይዛ ወደ ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ በስልክ ነገርኳት፣ "እግዚአብሔር ይማርህ" ብላ ዘጋችው። አባ ሚልኪን ወደ መጨረሻ ያቆየኋቸው ስለፈራሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ከፍ ባለ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጡ ነበር። ኪኒኑ ፊታቸውን አጥቁሮታል፤ የዚህ መድኃኒት ጠባዩ ነው፣ ሲጨርሱት ይለቃል።

"አካም ጅርታ ሐኪም! ደሜ ምን አለ?" አሉኝ ገና ከበር።

"ምንም አላለም አባ። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መሳቅ አቆሙ። መዳፋቸውን ቡናው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

"እንዳታደርግ ተነግሮህ ነበር?"

"ተነግሮኝ ነበር።"

"ከዚያ ወረቀት ላይ ዋሸህ?"

"ዋሸሁ።"

"እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር። መስጊድ ውስጥ፣ 'የእኔ ደም ጅማ ትምህርት ላይ ነው' እያልኩ።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው አነሰ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቆሜ ሰማሁ።

"ይህንን ለመናገር ብቻ ነው የመጣኸው?" አሉ።

"ለዚሁ ብቻ ነው።"

ወደ ቤት ገቡ። ከውስጥ የባለቤታቸው ድምፅ ተሰማኝ፤ "ላኪ! ላኪ!" ትላለች፤ አይሆንም፣ አይሆንም ማለቷ ነው። እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ይመልሱላታል። ኋላ ሲወጡ ዓይኔን አያዩም ነበር።

"ነርሷ ቤተሰቤን ልታይ ስትመጣ 'ልጆቼ እነዚህ ናቸው፣ ሁሉንም እያቸው' አልኳት። ዋሸሁ። ሰሚራን አክስቷ ዘንድ ልኬያት ነበር። ለሰርግ ቀን ቆርጠንላት ነው ሐኪም። የሙሽራው ቤት ቢሰማ ይተዋታል አልኩ። እናንተ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትላላችሁ። እኔ የራሴን ሳይሆን የልጄን ደበቅሁ።" ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ። "ሰሚራ! ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ።" ነይ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሰሚራ ወጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እጇን በሻሿ ጠቅልላ ይዛለች። ስትፈታው በአይበሉባዋ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰፊ ምልክት አየሁ፤ ክንዷ ላይም ሌላ ነበር፤ ጀርባዋ ላይም እንዳለ እናቷ እያለቀሰች ነገረችኝ። ዓይኗን እንድትጨፍን አድርጌ በጥጥ ጫፍ መዳፏን ነካሁት።

"የነካሁሽን አሳዪኝ።"

"እዚህ" አለች በጣቷ። ክንዷን ስነካው "እዚህ" አለች። ምልክቱ ላይ አሳረፍኩት። ዝም አለች። ደጋግሜ ነካሁት። ዓይኗን እንደጨፈነች "ጀመሩ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። አባ ሚልኪ ፊታቸውን አዞሩ።

"ጣቶችሽ ይታጠፋሉ? ጨብጪ እስቲ።" ጨበጠች፤ ጥንካሬዋ ሙሉ ነበር። ገና በጊዜ ነው። አንድ ዓመት ቢያልፍ ግን ጣቶቿ አይታዘዙላትም ነበር፤ ይህን ለእሷም ለአባቷም ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

"ኪኒኑን ስጀምር ወደ ሌላ ሰው አይሄድም?" አለች።

"ከጀመርሽ በኋላ አይተላለፍም።"

"ታዲያ ለሱ ራሴ እነግረዋለሁ" አለች። ለሙሽራው ማለቷ ነው።

ሰኞ ከሰሚራና ከአባቷ ጋር አጋሮ ጤና ጣቢያ ተገናኘን፤ ሀዊም መጣች። "ደም ባትሰጪም ኪኒኑ ያው ነው፤ የሚቀርብሽ ነገር የለም" አልኳት ሰሚራን አስቀድሜ፣ አባቷ እየሰሙ። ሰሚራ ትንሽ አሰበችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

"የአባቴ ደም መናገር ተከለከለ አይደል? እንግዲያው የእኔ ይናገር።"

ቀዳሁላት። ነርሷ የመጀመሪያዋን ኪኒን ሰጠቻት፤ ፊታችን ዋጠችው። ቱቦዎቹን በጥጥ ጠቅልዬ በሳጥን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በመንገዱ ሁሉ ሀዊ ቴርሞሜትሩን፣ እኔ ሀዊን እያየን ጅማ ገባን። ስንወርድ ግን ሳጥኑን ከእጄ ልትወስድ ዘርግታ የነበረውን እጇን መለሰችና "እርስዎ ይያዙት" አለችኝ።

ደሙን እኔ አነጠፍኩት። በሥራ ዘመኔ የመጨረሻዬ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሀዊ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ትክክለኛው ክር ባለበት ረድፍ ዘለላ በዘለላ ሆነው ነበር። "ሁለት ሰው ማስረጃ አይደለም" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት በሽተኞች አግኝታለች፤ በአንዱ ክሩ ሠርቷል፣ በሌላው አልሠራም። ሁለቱንም ጽፋለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ናሙናዎች ለምን እንደተጣሉ የሚናገርም አንቀጽ አለው። ስሜ ይግባ አይግባ ብላ ስትጠይቀኝ "ይግባ" አልኳት።

የሰሚራ ሰርግ ተራዘመ። የሙሽራው አባት ለሁለት ወር አኩርፈው ነበር፤ ሙሽራው ግን ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዶ ነርሷን ጠይቆ ተመልሷል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በየወሩ አጋሮ እየሄድኩ እነ አባ ሚልኪን አያቸዋለሁ። ጥሩወርቅ "ሥራህን አገኘኸው" ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ሰሚራ የአሥራ ሁለተኛውን ወር ኪኒን ጨረሰች። ግቢው ውስጥ በርጩማ አቀረቡልን። አባ ሚልኪም ባለቤታቸውም አጠገባችን ቆሙ። ነርሷ አስቀድማ ነግራናለች፤ የጠፋ ስሜት አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አይመለስም። ሰሚራ ዓይኗን ጨፈነች። መዳፏን ነካሁ፤ "እዚህ" አለች። ክንዷን ነካሁ፤ "እዚህ"። ከዚያ ጥጡን አይበሉባዋ ላይ፣ ምልክቱ መሐል ላይ አሳረፍኩ። ዝም አለች። እጄን ሳላነሳ ጠበቅሁ። አባቷ በሹክሹክታ አላህን ይለምናሉ።

ግንባሯ ተቋጠረ፤ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው ድምፅ ለመለየት የምትሞክር ትመስል ነበር። ሌላኛው እጇ በቀስታ ተነሳ፤ ትንሽ ተጠራጠረ፤ ከዚያ ጣቷ መጥቶ በእኔ ጣት ላይ አረፈ።

"እዚህ" አለች።